ቶክን ደርድረን ወረፋ የያዝንበት ማሽን፦ የዲዲአር ልጆች አላችሁ?

ግራቀኝ (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ቁም ሳጥን ሳጸዳ የድሮ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ አንድ ቶክን (ጨዋታ ማሽን ውስጥ የሚከተት ሳንቲም መሰል ነገር) አገኘሁ። ቢጫ፣ ዳሩ የተበላ፣ ሩብ ዶላር የሚያህል። እጄ ላይ ይዤው ቆሜ ቀረሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽንን (ዲዲአርን) የምታውቁ ካላችሁ ብዬ ነው ይህን የከፈትኩት። ለማያውቁት በአጭሩ ልንገር። የጃፓኑ ኮናሚ በ1998 ያወጣው የአርኬድ፣ ማለትም የጨዋታ ማሽኖች ቤት፣ ማሽን ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። ከፊትህ ስክሪን አለ። ከእግርህ ሥር አራት ቀስት ያለበት መድረክ አለ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ፊት፣ ኋላ። ዘፈኑ ሲጀምር ቀስቶቹ ከስክሪኑ ታች ወደ ላይ ይወጣሉ። ላይ ካለው ምልክት ጋር ሲገጥሙ ትረግጣለህ። በቃ፣ ጨዋታው ይኸው ነው።

እኔ አሜሪካ የገባሁት በ2002 ነው። አስራ አምስት ዓመቴ ነበር። እንግሊዝኛዬ ለክፍል ቢበቃኝም ሰው ቶሎ ቶሎ ሲያወራኝ ይጠፋኝ ነበር። ምሳ ብቻዬን ነበር የምበላው። አባቴ ፓርኪንግ፣ እናቴ ሆቴል ነበር የሚሠሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ከሥራ እስክትወጣ አቅራቢያዋ ያለ ሞል ውስጥ እጠብቃታለሁ።

ሞሉ ውስጥ አንድ አርኬድ ነበር። ጨለም ያለ፣ ከየጥጉ ጩኸት የሚወጣበት። ዲዲአሩ በሩ አጠገብ ነው የቆመው። ሦስት ቅዳሜ ቆሜ ብቻ አየሁ። ልጆቹ ከስክሪኑ ሥር ጠርዙ ላይ ቶክን ይደረድራሉ። መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ ነው ወረፋ መሆኑን ያወቅሁት። ሰፈሬ ቦኖ ውሃ ላይ ጄሪካን እንደምንደረድረው ማለት ነው። ባለቤቱ ሄዶ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ጄሪካኑ ይቆምለታል፣ ማንም አያልፈውም። እዚህ አገር ከገባሁ ወዲህ "ይህንንስ አውቀዋለሁ" ያልኩት የመጀመሪያው ነገር ያ ነው።

በአራተኛው ቅዳሜ የኔንም ደረደርኩ። ተራዬ ደርሶ ስወጣ አንድ ልጅ ከጎኔ ወጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቤተሰቦቹ ከቬትናም የመጡ። ሁለት ጣቱን አሳየኝ። "አብረን?" ማለቱ ነው። ራሴን ነቀነቅኩ። እሱ ከባዱን መረጠ፣ እኔ ቀላሉን።

እዚህ ላይ ስለ ማሽኑ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ስትሳሳት የሕይወት መስመርህ እያጠረ ይሄዳል። ካለቀ ወድቀሃል። ሁለት ሆናችሁ ስትጫወቱ ግን አንዱ እስከቆመ ድረስ ዘፈኑ አይቋረጥም። ሁለታችሁም ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። እኔ የመጀመሪያው ዘፈን መሃል ሳይደርስ ወደቅሁ። ማሽኑ አልቆመም፣ እሱ ነበራ! ሦስቱንም ዘፈን ወድቄ ሦስቱንም ጨረስኩ። ስንወርድ ትከሻዬን መታ አደረገኝና አንድ ቶክን ከኪሱ አውጥቶ ከኔ ቀጥሎ ደረደረ። እንደገና አብረን ማለቱ ነው።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት፣ እሱ ግራ፣ እኔ ቀኝ። እውነተኛ ስሙን የሰማሁት በሁለተኛው ዓመት ነው። ማሽኑ ላይ በሚጽፋት አጭር ስም ነበር ሁላችንም የምንጠራው። ስለ ቤቱ ብዙ አላወራንም። ግን ሲደክመው ቀኝ እግሩ እንደሚዘገይ አውቃለሁ። ሲናደድ ቀላል ዘፈን እንደሚመርጥም አውቃለሁ።

አሁን የት እንዳለ አላውቅም። እናንተስ? ከጎናችሁ ማን ነበር?

---

ትከሻ (ሲያትል)

ወይኔ ወንድሜ፣ ምን ቀሰቀስክብኝ!

እኔ የፍሪስታይል ልጅ ነበርኩ። ነጥብ የሚለቅሙት አንድ ወገን ናቸው፣ እኛ ደግሞ ለሚያየው ሰው የምንጫወተው ሌላ ወገን። ጀርባችንን ለስክሪኑ ሰጥተን በቃላችን እንረግጣለን። ተንበርክከን ቀስቱን በእጅ እንመታለን። አንድ ዘፈን ለማዘጋጀት ሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ እንለማመድ ነበር።

ከኛ ጋር አንድ የጎንደር ልጅ ነበረ። ቀስት በማይመጣበት ባዶ ቦታ ላይ እስክስታ ያስገባል። እግሩ ቀስቱን ይረግጣል፣ ትከሻው የራሱን ሥራ ይሠራል። ማሽኑ ትከሻ አያይም፣ አንድም ነጥብ አይጨምርለትም። ሞሉ ውስጥ የሚያልፈው ሰው ግን ዕቃውን እንደያዘ ቆሞ ያጨበጭባል። ፊሊፒኖዎቹ፣ ኮሪያዎቹ፣ ሁሉም ትከሻ አስተምረን ብለው ያዙት። እኔ እዚህ የተወለድኩ ነኝ። እስክስታ ከሠርግ ቪዲዮ በቀር አላውቅም ነበር። የተማርኩት እዚያ አርኬድ ውስጥ ነው፣ ከአንድ ኮሪያዊ ልጅ ጋር ተሰልፌ።

---

ብረት_ያዥ (አትላንታ)

እኔ ደግሞ ከነጥብ ለቃሚዎቹ ነኝ። ከኋላ ያለውን ብረት ይዤ ነው የምጫወተው። አዎ፣ ስንት ተብያለሁ! "ብረት የያዘ አልተጫወተም" የሚሉ ነበሩ። ግን ባለ 9 እግር ዘፈን ላይ አንድም ቀስት ሳትስት እስከ መጨረሻ መሄድ ምን እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። (ለማያውቁት፦ ያን ጊዜ የዘፈን ክብደት የሚለካው በእግር ሥዕል ነበር። ባለ 3 እግር ለጀማሪ፣ ባለ 9 እግር ለደፋር።)

ማክስ 300 የሚባለውን ዘፈን አትርሱ። በ2001 የመጣው፣ በደቂቃ 300 ምት የሚሮጠው። መሃል ላይ በድንገት ቀጥ ይላል። ድምፅ የለም፣ ቀስት የለም። ከዚያ እንደገና ይለቃል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው። እግርህ ይሄዳል፣ ዘፈኑ ቆሟል።

እኔ መጀመሪያ ያለፍኩት ቀን ከኋላዬ አስራ ምናምን ልጅ ቆሞ ነበር። ያ ጸጥታ ሲመጣ ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። አንዱም አልተናገረም። እንደገና ሲለቅ ሁሉም በአንድ ድምፅ ጮኸ። ስጨርስ እግሬ አልሸከም አለኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የማላውቃት ልጅ ውሃዋን ሰጠችኝ፣ ሌላው ማራገቢያውን ወደ እኔ አዞረው። ዲግሪዬን ስቀበል እንኳ እንደዚያ አልተደሰትኩም።

---

ሰላማዊት_ነኝ (ሳን ሆዜ)

አሳምራችሁ ጽፋችኋል። እኔ ትንሽ ሌላ ነገር ልጨምር።

ለሴት ልጅ መጀመሪያው ቀላል አልነበረም። ቶክኔን አስቀምጬ ተራዬ ሲደርስ አንዱ አልፎኝ ይወጣል። "ያንቺ ነው እንዴ? የወንድምሽ መስሎኝ" ይለኛል። ሁለት ጊዜ ትቼ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ። ወረፋውን ማንም አይነካም ስትሉ ትክክል ነው፣ ለናንተ። ለእኛ ሕጉ እስኪሠራ አንድ ክረምት ፈጅቷል።

እንዲሠራ ያደረገችው ደግሞ አንዲት ልጅ ናት። ሦስተኛው ጊዜ ሲያልፉኝ መድረኩ ላይ ወጥታ ቆመች። "የሷ ቶክን ነው፣ ውረድ" አለች። በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፣ ግን ስትወርድ ለራሷ በትግርኛ የሆነ ነገር አጉረመረመች። ዞር ብዬ አየኋት። እሷም አየችኝ።

ጊዜው 2001 ነው። ጦርነቱ ገና ማለቁ ነበር። የሷ ቤተሰብ ከአስመራ፣ የኔ ከአዲስ አበባ። በሁለታችንም ቤት ስለዚያ ጉዳይ የሚወራውን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። የሷ አጎት አልተመለሰም። የኛም ጎረቤት ልጅ አልተመለሰም። እኛ ግን ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወራነው ከተዋወቅን ከዓመት በኋላ ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጠን፣ ጀርባችንን ማሽኑ ላይ አስደግፈን፣ ተራችንን እየጠበቅን። እሷ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ቶክናችን ደረሰ። ተነስተን ተጫወትን።

ዛሬ የልጄ ክርስትና እናት ናት። ትናንት ማታ ይህን ውይይት ልኬላት እስከ እኩለ ሌሊት በስልክ ስናወራ አመሸን።

---

ግራቀኝ

ሰላማዊት፣ እንባዬ መጣ። ደግሞ ልክ ነሽ። እኛም ጋ ሴቶቹን የሚያልፉ ነበሩ፣ እኔም ቆሜ አይቻለሁ። አዲስ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። ይቅርታ። ለክርስትና እናቷ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

---

እንዳለ_የቀረ (ዳላስ)

ሁላችሁንም አከብራለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ማሽኑ ሲሄድ ሰዎቹ አብረው ከሄዱ ጓደኝነት ነበር ማለት እንችላለን?

የኔን ልንገራችሁ። ስድስት ነበርን። ከትምህርት ቤት በኋላ በየቀኑ። አንድ ቀን መጣን፣ ማሽኑ የለም። ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን ንጹሕ ምንጣፍ ብቻ። ዙሪያው የቆሸሸ፣ መሃሉ አዲስ። ጥቂት ቆምን። ቢሊያርድ ሞከርን። በሚቀጥለው ሳምንት አራት ሆንን። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ማንም።

ስልክ አልተለዋወጥንም ነበር፣ ነገ እንገናኛለና። የነበረኝ ኤአይኤም በሚባለው የኢንተርኔት መልእክት መለዋወጫ ላይ ያሉ ስሞቻቸው ብቻ ነው። ኤአይኤም ደግሞ በዲሴምበር 2017 ተዘጋ። ከመዘጋቱ በፊት አንድ ሌሊት ገብቼ ለአምስቱም "አለህ?" ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልመለሰም። ስማቸው ግራጫ ሆኖ ተደርድሮ ነበር።

ስለዚህ ስታወሩ ደስ ይለኛል፣ ግን ያመኛልም።

---

ብረት_ያዥ

እንዳለ፣ ወንድሜ፣ ስድስት ልጆች ማሽን የሌለበት ቦታ ድረስ ለአንድ ሳምንት መምጣታችሁ ምን ነበር ታዲያ? ማሽኑ የለም፣ እናንተ ግን መጥታችኋል። እኔ ያን ጓደኝነት እለዋለሁ። ሌላ ቦታ ያላገኘ ጓደኝነት ነው።

---

ጠጋኙ (ሎስ አንጀለስ)

ማሽኖቹን እጠግን ነበር፣ ስለዚህ እንዴት እንደሄዱ ከውስጥ አይቻለሁ።

እያንዳንዱ ቀስት ሥር አራት ሴንሰር አለ፣ በአራቱም ጎን። አንዱ ሲያረጅ ቀስቱ አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ አይሰማም። ቶክን ሰብሳቢ ባለቤት ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ መብራቱ በርቷልና። ተጫዋቹ ግን በአንድ እርምጃ ያውቀዋል። በኔ አካባቢ ማሽኑን በሕይወት ያቆዩት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ቁልፍና ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ፣ ብረቱን ያነሳሉ፣ አቧራውን ይጠርጋሉ፣ የላላውን በቴፕ ይሞላሉ። የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ የሰው ንብረት ተንበርክኮ ሲጠግን በሌላ ጨዋታ አላየሁም። ባለቤቱም አምኗቸው ቁልፉን ይሰጣቸው ነበር።

በዲሴምበር 2002 ጃፓን ውስጥ ዲዲአር ኤክስትሪም የሚባለው እትም ወጣ፣ ከ200 በላይ ዘፈን ያለው። እዚህ በይፋ አልመጣም፣ ግን አርኬዶች ከጃፓን ያስመጡት ነበር። ከዚያ ኮናሚ ለአርኬድ አዲስ ዲዲአር እስከ 2006 አላወጣም። ያ ረጅም ጊዜ ነው። በመሃል በ2004 ሮክሶር ጌምስ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ኢን ዘ ግሩቭ የሚል ጨዋታ አመጣ። በዲዲአሩ ማሽን ውስጥ የሚገጠም ነበር። መድረኩ ያው፣ ውስጡ ሌላ። ኮናሚ በ2005 ከሰሰ፣ በ2006 በስምምነት አለቀ፣ የጨዋታው መብትም ለኮናሚ ሆነ።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ያን ጊዜ ብዙ ቡድን ተከፈለ። ከባድ የሚወዱት ወደ አዲሱ፣ የድሮ ዘፈኖቹን የሚወዱት ደግሞ ሌላ አርኬድ ፍለጋ። አንድ ላይ የነበሩ ልጆች በተለያየ ሞል ተበተኑ። ብዙ ሰው ጓደኛዬ ራቀኝ ብሎ ያስባል። ራቅ ያለው ማሽኑ ነው።

---

የፒያሳ_ልጅ (አዲስ አበባ)

እዚህ እኔ ይህን ማሽን ነክቼው አላውቅም። ግን እያንዳንዷን ቃል አነበብኩ።

የኛ ጆተኒ ነበር። ከዚያ ፕሌይስቴሽን ቤት። ጠባብ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ አሥር ልጅ ተጠጋግቶ። እኔም ከዚያ ጊዜ ጓደኞች በቅጽል ስማቸው ብቻ የማውቃቸው አሉ። አንዱን ከዓመታት በኋላ ባንክ ውስጥ መስኮት ላይ አገኘሁት። የደረቱ ላይ ስም ሳነብ ነው ስሙን ያወቅሁት።

አንድ ነገር ግን አስደነቀኝ። ጆተኒ ላይ ተሸናፊ ከፋይ ነው። ፕሌይስቴሽን ላይ ተሸናፊ ይነሳል። እናንተ ጋ የወደቀ ሰው ከጎኑ ያለው እስካልወደቀ ድረስ ይቀጥላል። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ጨዋታ ቢኖር፣ ተሸንፎ እየወጣ በር ላይ ቆሞ የሚያይ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ገብቶ ይጫወት ነበር ብዬ አሰብኩ።

---

እማማ_ሜሪላንድ

ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ። ልጄ ነው ይህን ያሳየኝ። እኔም ልጻፍ ብዬ ነው።

ያን ጊዜ ልጄ ከትምህርት ቤት ዘግይቶ ሲመጣ፣ ኪሱ ቶክን ሲሞላ፣ ቁማር መስሎኝ ነበር። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ተከትዬው ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ሳይ ልጄ ይዘላል። ላቡ ጀርባውን አርሶታል። ልጆች ከበውት ያጨበጭባሉ። እዚህ አገር ከመጣ ሁለት ዓመት ሲስቅ አላየሁትም ነበር። ያን ቀን ይስቃል። ሳልገባ ተመለስኩ። እንደመጣሁም እስካሁን አልነገርኩትም፣ ይኸው አሁን ያነበዋል።

ከዚያ በኋላ ቤት አምጣቸው አልኩት። አራት አምስት ሆነው መጡ። ከየአገሩ ናቸው። ጫማ አውልቁ ሳልላቸው በር ላይ አወለቁ፣ የነሱም ቤት እንደዚያ ነው መሰለኝ። ጾም ስለነበር ሽሮና ምስር ሠራሁ። አንዱ ልጅ በእጁ መብላት ሲያቅተው አጎረስኩት። አፍሮ ሳቀ፣ ከዚያ አፉን ከፈተና ደገመ። ልጄ ቀስት ያለበት የላስቲክ ምንጣፍ ገዝቶ ቴሌቪዥኑ ላይ አያይዞ ነበር። ከታች ያለችው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ ስትመታ "በሶክስ ርገጡ" እላቸዋለሁ።

አንደኛው አሁን ድረስ ለፋሲካ ይደውልልኛል። በአማርኛ "እንኳን አደረስዎ" ይላል። ሌላ አማርኛ አያውቅም።

---

ትከሻ

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የእርስዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናቴም ሞል በር ላይ መኪና ውስጥ ሆና ስንት ሰዓት ትጠብቀኝ ነበር። ዛሬ ልደውልላት ነው።

---

ግራቀኝ

እማማ፣ ያቺ "በሶክስ ርገጡ" የሚለውን እናቴም ትለው ነበር! ያ ልጅ፣ የኔ ጓደኛ፣ ቤታችን ሲመጣ ቡና እስኪያልቅ ቁጭ ይላል። ሦስተኛው ስኒ ላይ ፈንዲሻውን ጨርሶታል። እናቴ "ያ ረጅሙ ልጅህ ደህና ነው?" ብላ አሁንም ትጠይቀኛለች። "ደህና ነው" እላታለሁ።

---

ጠጋኙ

ግራቀኝ፣ አንድ ነገር ልጠቁምህ። ድሮ ዲዲአር ፍሪክ የሚባል ድረ ገጽ ላይ የየከተማው ማሽን ዝርዝርና የየአካባቢው ልጆች የሚያወሩበት ቦታ ነበር። የናንተ ቡድን ልጆች እዚያ ይጽፉ እንደነበር እገምታለሁ። ከነሱ አንዱን ካገኘህ ሰንሰለቱ ይመጣል። በሚጫወትበት አጭር ስሙ ፈልገው እንጂ በመታወቂያ ስሙ አይደለም። ብዙዎቻችን አሁንም ለሌላ ነገር የምንጠቀመው ያችኑ ስም ነው።

---

ብረት_ያዥ

ማሽኑም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም እኮ። ዲዲአር ኤ የሚባለው እትም በ2016 አሜሪካ ገብቷል፣ ራውንድ ዋንና ዴቭ ኤንድ በስተርስ በሚባሉት የጨዋታ ቤቶች። ባለፈው ዓመት ልጄን ይዤ ሄድኩ። ስክሪኑ ሰፊ፣ ሁሉ ነገር በካርድ። ቀስቱ ያው ነው። እግሬ ሳላዘው አስታወሰ። ከጎኔ አንድ የኮሌጅ ልጅ ወጣና ሁለት ጣቱን አሳየኝ።

---

ግራቀኝ

ሁለት ጣቱን?

---

ብረት_ያዥ

ሁለት ጣቱን። አንድም ቃል አልተናገረም።

---

እንዳለ_የቀረ

እኔ ለሥራ በሚቀጥለው ወር ወደ ዲሲ እመጣለሁ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ አንድ ቅዳሜ ብንገናኝስ? ሃያ ዓመት አልተጫወትኩም። ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ባለ 3 እግር ብቻ ነው የምችለው።

---

እማማ_ሜሪላንድ

ከጨዋታው በኋላ እኔ ቤት ነው የምትመጡት። ስንት እንደሆናችሁ ቀድማችሁ ንገሩኝ፣ እንጀራ ላስጋግር።

---

ግራቀኝ

እማማ፣ ከእርስዎና ከልጅዎ ጋር እኔና እንዳለ አራት ነን። ሌላም ሰው ካለ ይጻፍ። ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን። ቶክኔን ይዤ እመጣለሁ፣ ማሽኑ ባይቀበለውም ጠርዙ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

እንዳለ፣ አንተ ባለ 3 እግሩን ምረጥ። እኔ ቀኝ ነኝ። ግራው ያንተ ነው።